መጀመሪያ የእግርሽን ምረጪ፦ ስለ ጥፍር ቀለም ለጠየቃችሁኝ

ሰላም ሰላም የኔ ውድ አንባቢዎች፣ ባለፈው እትም ስለ ጥፍር አያያዝ ከጻፍኩ ወዲህ የሚመጣልኝ ጥያቄ ሁሉ ወደ አንድ ነገር ዞሯል፣ ቀለም! ምን ዓይነት ልቀባ፣ ለእጄ የቱ ለእግሬስ የቱ፣ ይሄ ለኔ ይሄዳል ወይስ አይሄድም ምናምን። አንዳንዶቻችሁ ደሞ "ይቅርታ ትንሽ ነገር ነው የምጠይቅሽ" ብላችሁ ነው የምትጀምሩት፣ ኧረ ይቅርታ አያስፈልገውም፣ ፊታችንን የምናየው መስታወት ፊት ስንቆም ብቻ ነው፣ እጃችንን ግን ስንጽፍም ስልክ ስንነካም ልጅ ስናቅፍም ቀኑን ሙሉ እናየዋለን፣ ያልወደድሽው ቀለም እጅሽ ላይ ካለ ሳምንቱን ሙሉ ሲከነክንሽ ነው የሚከርመው። ስለዚህ ቦታው እስከፈቀደልኝ ድረስ ልመልስ።

ጥያቄ፦ ሰላም እህቴ እንዴት ነሽ። የእጅና የእግር ጥፍር ቀለም የግድ አንድ ዓይነት መሆን አለበት እንዴ? የተለያየ ስቀባ ጓደኞቼ "አልጨረስሽውም እንዴ" ይሉኛል፣ አንድ ዓይነት ስቀባ ደሞ እኔ ራሴ ይሰለቸኛል፣ ብልቃጦቹ ፊት ተቀምጬ ለመምረጥ ብቻ ግማሽ ሰዓት ይፈጅብኛል። በናትሽ አንድ መላ በይኝ። (ግራ የተጋባችው)

መልስ፦ የግድ አይደለም የኔ እህት። ማመሳሰል የሚባለው ነገር ራሱ በማስታወቂያ ብዙ የተገፋ ልማድ ነው፣ ሬቭሎን የሚባለው ኩባንያ እ.ኤ.አ. በ1932 ሲቋቋም የሚሸጠው የጥፍር ቀለም ብቻ ነበር፣ በኋላ ሊፕስቲክ ሲጨምር ከንፈርና ጥፍር አንድ ይሁኑ እያለ ማስተዋወቅ ጀመረ፣ በ1952 ደሞ "እሳትና በረዶ" ያለውን ቀይ ለከንፈርም ለጥፍርም አድርጎ አወጣውና በጣም ታወቀ። አያምርም አላልኩም፣ በጣም ያምራል፣ ግን በአንድ ቀለም ሁለት ዕቃ መሸጫ መንገድም ነበርና እንደ ሕግ አትያዥው።

እኔ ለሁሉም የምለው አንድ ነገር ነው፣ መጀመሪያ የእግርሽን ምረጪ። ሁላችንም ከእጅ ነው የምንጀምረው፣ እጁ ላይ ተጨንቀን ተጠበን እግር ላይ ስንደርስ ይደክመንና "በቃ እሱኑ ድገሚልኝ" እንላለን። ግን እስቲ አስቢው፣ የእጅ ቀለም ዕቃ እያጠብሽ በር እየከፈትሽ ኪቦርድ እየመታሽ በአምስት በስድስት ቀን ጫፉ መሸራረፍ ይጀምራል፣ የእግሩ ግን ሦስት ሳምንት ምናልባትም ከዛ በላይ ይቆይልሻል። የጥፍሩ እድገትም ያግዘዋል፣ የእጅ ጥፍር በወር 3 ሚሊ ሜትር ገደማ ሲያድግ የእግር ቢበዛ የዚያን ግማሽ ነው የሚያድገው፣ ስለዚህ ከሥር የሚወጣው ያልተቀባ ቦታ ቶሎ አይታይም። እንግዲህ እግርሽ ላይ ያለው አንድ ቀለም እጅሽ ላይ ከሚቀያየሩት ሦስት አራት ቀለሞች ጋር ተስማምቶ መክረም አለበት ማለት ነው። እሱን አስቀድመሽ ከወሰንሽ የእጁ ምርጫ ከመቶ ብልቃጥ ወደ አምስት ስድስት ይወርድልሻል፣ ግማሽ ሰዓት የፈጀብሽ እኮ ከየት እንደምትጀምሪ ስለማታውቂ ነው።

ሌላው ርቀት ነው፣ ይሄን ብዙ ሰው አያስበውም። እጅሽን ከዓይንሽ በሁለት ስንዝር ርቀት ነው የምታዪው፣ እግርሽን ግን ቆመሽ ስታዪው ከአንድ ሜትር ተኩል ገደማ ርቀት ነው፣ ጥፍሮቹ ደሞ ከአውራ ጣት በቀር ትንንሽ ናቸው። ለዛ ነው እጅ ላይ በጣም የሚያምረው ጥቁር ወይን ጠጅ እግር ላይ ሲሆን ጥቁር ብቻ መስሎ የሚታየው፣ ያ ከውስጡ የሚወጣው ቀይ በዛ ርቀት ይጠፋል። በተቃራኒው ደሞ እጅ ላይ "ኧረ በዛ" የምትይው ብርቱካንማ ቀይ፣ ደማቅ ሮዝ፣ ቱርኩዋዝ ምናምን እግር ላይ ልክ ሆኖ ይቀመጣል። ስለዚህ ለመድፈር ያሰብሽው ቀለም ካለ እግርሽ ላይ ሞክሪው፣ ካልወደድሽው ጫማ ታደርጊበታለሽ፣ እጅሽን የት ትደብቂያለሽ።

አሁን የእግሩን መረጥሽ እንበል፣ ከዛ የእጁ እንዴት ይስማማል? ሁለቱ ቢያንስ አንድ ነገር ይጋሩ፣ ወይ ሙቀታቸውን ወይ ጥልቀታቸውን። ሙቀት ስልሽ ቀለሙ ወደ ቢጫና ብርቱካን ያደላል ወይስ ወደ ሰማያዊ ማለቴ ነው፣ ጥልቀት ደሞ ምን ያህል ጠቆር ወይም ፈዘዝ ያለ ነው የሚለው። እግርሽ ላይ የቲማቲም ቀይ ካለ እጅሽ ላይ የካራሜል ቀለም ወይም ፒች ብትቀቢ ሁለቱም ሞቃት ስለሆኑ ዘመዳማቾች ይመስላሉ፣ እግርሽ ላይ የቼሪ ቀይ ካለ ደሞ ቀዝቀዝ ያለ ሮዝ ወይም አመድማ ሐምራዊ ይሄድለታል። ጥቁር ሰማያዊና ጥቁር አረንጓዴ በሙቀት ባይመሳሰሉም ጥልቀታቸው እኩል ስለሆነ እኔን ደስ ይሉኛል። ጓደኞችሽ "አልጨረስሽውም" የሚሉሽ ምንም የማይጋሩ ሁለት ቀለሞች ስትቀቢ ይመስለኛል፣ ለምሳሌ እግር ላይ ብርቱካንማ ቀይ እጅ ላይ ብርማ ነገር ካለው ፈዛዛ ሐምራዊ፣ እነዚህን አንድ ላይ ሳይ እኔም ዓይኔን ይጎረብጠኛል።

ስንት ጊዜ ተጠይቄ ያልመለስኩት አንድ ነገር ደሞ አለ፣ "ከአንድ ብልቃጥ ተቀብቼ ለምን አልተመሳሰለም" የሚለው። የእግር ጥፍር ወፍራም ነው፣ ከእጅ ጥፍርም ትንሽ ቢጫ ይላል፣ የእግርና የእጅ ቆዳም አንድ ዓይነት ጥቁረት የለውም። ስለዚህ ውስጡን የሚያሳይ ስስ ሮዝ እጅ ላይ ንጹህ ሮዝ ሆኖ እግር ላይ የደከመ ፒች ሊመስል ይችላል። ማመሳሰል ከፈለግሽ ሙሉ በሙሉ የሚሸፍን ክሬም ቀለም ውሰጂ፣ ስሱን ለእጅ ብቻ ተይው።

ጥያቄ፦ እኔ ጠይም ነኝ፣ ሁሉም ሰው ኑድ ኑድ ይላል፣ ስቀባው ግን እጄ የታመመ ሰው እጅ ነው የሚመስለው፣ ፈዛዛ ሮዝና ፈዛዛ ሰማያዊም ሞክሬ ጠመኔ የነካሁ መሰልኩ። ለኛ የሚሆን ፈዘዝ ያለ ቀለም የለም ማለት ነው? (ጠይሟ)

መልስ፦ አለ የኔ ቆንጆ፣ በደንብ አለ፣ ጥፋቱም ያንቺ እጅ አይደለም። ኑድ ማለት "የቆዳ ቀለም" ማለት ነው አይደል፣ የማን ቆዳ የሚለውን ግን ብልቃጡ አይነግርሽም፣ ለረጅም ጊዜ ኑድ ተብሎ የሚሸጠው ለነጭ ቆዳ የተቀመመ ቢዥ ነበር፣ እሱን ጠይም እጅ ላይ ስታደርጊው ከቆዳሽ ይፈዝና አመድ የነካው ያስመስለዋል። ላንቺ ኑድ የሚሆነው ካራሜል፣ ቀረፋ፣ ወተት የበዛበት ቡና፣ ሮዝ የነካው ቡኒ፣ ጠቆር ላለች ደሞ ቸኮሌትና ቀይ ያለበት ቡኒ ነው። አመራረጡ ቀላል ነው፣ ቀለሙን አንድ ጣትሽ ላይ ቀብተሽ ከጥፍሩ ሥር ካለው ቆዳ ጋር አስተያዪው፣ ወይ ከቆዳሽ በአንድ ደረጃ ደመቅ ያለ ወይ በአንድ ደረጃ ጠቆር ያለ ይሁን፣ በጣም ከፈዘዘ ያ የታመመ መልክ ይመጣል። ልክ ቁርጥ እንደ ቆዳሽ የሆነውም ብዙም አይመከርም፣ ጥፍር የሌለሽ ያስመስልሻል።

ጠመኔ ያልሽውን ነገር በጣም ነው የወደድኩት ምክንያቱም ልክ ነሽ። ፈዛዛ ቀለሞች የሚፈዙት ታይታኒየም ዳይኦክሳይድ የሚባል ነጭ ዱቄት ስለሚገባባቸው ነው፣ ነጩ በበዛ ቁጥር ቀለሙ ብርሃን ይመልሳል፣ ጠይም ቆዳ አጠገብ ደሞ ልዩነቱ ይጎላል። መስመር መስመር እየሠራ የሚያስቸግርሽም እነዚሁ ናቸው። መፍትሔው ፈዛዛውን መተው ሳይሆን ቀለም የጠገበውን ፈዛዛ መፈለግ ነው፣ ከበረዷማ ሮዝ ይልቅ የሳልሞን ሮዝ፣ ከውሃ ሰማያዊ ይልቅ ጠንከር ያለ የሰማይ ሰማያዊ፣ ከክሬም ቢጫ ይልቅ የእንቁላል አስኳል ቢጫ። ሊላ የሚሉት ፈዘዝ ያለ ሐምራዊ ደሞ ጠይም ላይ ብዙ ጊዜ ያምራል፣ ግራጫ ያልበዛበትን ምረጪ። ንጹህ ነጭም እኮ ይሄድልሻል፣ የሚያስቸግረው በነጭና በቀለም መሃል የሚዋልለው ነው፣ ነጭ ግን ሆን ተብሎ የተደረገ ልዩነት ስለሆነ እግር ላይ በተለይ በጣም ነው የሚያምረው፣ የእግርሽ ቆዳ ካልደረቀ ብቻ፣ ድርቀትን ከነጭ በላይ የሚያጋልጥ የለም።

እና ደሞ ያ የእጅ አንጓ ላይ የደም ሥር እያዩ "አረንጓዴ ከሆነ ሞቃት ሰማያዊ ከሆነ ቀዝቃዛ" የሚሉት ነገር ጠቆር ያለ ቆዳ ላይ ብዙም አያሳይም፣ አትጨነቂበት። ወርቅና ብር ጌጥ አጠገብ ለአጠገብ እጅሽ ላይ አድርገሽ የትኛው ቆዳሽን እንደሚያበራው እዪ። ሁሉንም ግን መስኮት አጠገብ በቀን ብርሃን፣ ቢጫ አምፖል ሥር የመረጥሽው ቀለም ውጪ ስትወጪ ሌላ ነው የሚሆነው።

ጥያቄ፦ ጥፍሬ አጭርና ሰፊ ነው፣ ጠቆር ያለ ቀለም ይከለክላል ይላሉ እውነት ነው? (አጭሬ)

መልስ፦ ውሸት ነው። አጭር ጥፍር ላይ ጥቁር ቀይና ጥቁር ሰማያዊ በጣም ጥንቅቅ ያለ ነገር ነው፣ የጥፍሩ ጫፍ እኩል ተሞርዶ ክብ ይደረግ ብቻ። ስትቀቢ ግራና ቀኝ ጠርዙ ላይ እንደ ፀጉር የቀጠነች ያልተቀባች ቦታ ተይ፣ ጥፍሩ ጠበብ ይልልሻል። እንዲረዝምልሽ ከፈለግሽ ደሞ ከላይ ለጠይሟ የነገርኳትን ኑድ ተጠቀሚ፣ ቀለሙ ከጣት ጋር ስለሚቀጥል ጣት ይረዝማል።

ጥያቄ፦ እንደምን አለሽ ልጄ። 63 ዓመቴ ነው፣ ወጣት ሆኜ ቀይ ነበር የምቀባው፣ አሁን ጡረታ ከወጣሁ በኋላ መልሼ ልቀባ ብዬ ሳስብ ልጄ "እማዬ በዚህ ዕድሜ ቀይ?" አለችኝ። የእጄ ደም ሥር ወጥቷል፣ ጥፍሬም መስመር መስመር አውጥቷል። እውነት ለእኔ ዓይነቷ ነውር ነው? (የሦስት ልጆች እናት)

መልስ፦ እንደምን አሉ እናቴ፣ ደብዳቤዎን ሁለት ጊዜ ነው ያነበብኩት። ምንም ነውር የለበትም፣ ይቀቡ፣ ቀይ ዕድሜ የለውም። እኔ የማውቃቸው በጣም ያማሩ ቀይ ጥፍሮች ሥራ የሠራ ደም ሥሩ የወጣ እጅ ላይ ያየኋቸው ናቸው፣ ይሄን የምልዎት ለማጽናናት አይደለም፣ ቀለሙ ራሱ እንደዚህ ዓይነት እጅ ላይ ክብደት ያገኛል።

የትኛው ቀይ የሚለው ላይ ግን ትንሽ ልምከርዎ። ደም ሥሩ ሰማያዊ ሆኖ ከታየ ወደ ሰማያዊ የሚያደላ ቀይ፣ ማለትም የቼሪ ወይም የእንጆሪ ቀይ፣ ከእጁ ጋር ይስማማል፣ ብርቱካንማው ቀይ ደሞ ሰማያዊውን በተቃራኒው ያጎላዋል፣ እሱን ለእግር ይተዉት። ጥፍር ላይ ቁመቱን የሚወርደው መስመር በዕድሜ የሚመጣ ነገር ነው፣ አይጨነቁ፣ ግን የሚያብረቀርቅ ዕንቁማ ወይም ብረት የመሰለ ቀለም አይምረጡ፣ ብርሃኑ እያንዳንዱ መስመር ላይ እየተጋጨ ሁሉንም ያሳያል፣ ምንም ብልጭልጭ የሌለው ክሬም ቀለም ግን ይሸፍነዋል። ከቀለሙ በፊት መስመሩን የሚሞላ ቤዝ ኮት አለ፣ እሱን አንድ ጊዜ ይቀቡ። መስመሩን ለማጥፋት ብለው ግን ጥፍሩን አያስሞርዱ፣ በዕድሜ የሳሳ ጥፍር ይብሱኑ ይሳሳል። ጥፍርዎን አጠር ክብ አድርገው ይያዙት፣ ሲያነሱትም አሴቶን የሌለበትን ማስለቀቂያ ይጠቀሙ፣ አሴቶን ጥፍሩንም ዙሪያውን ያለውን ቆዳም ያደርቀዋል፣ ከዛ ማታ ማታ እጅዎን ቅባት ሲቀቡ ጥፍሩንም አብረው ይሹት።

ለእግር ጎንበስ ማለቱ የሚያስቸግር ከሆነ ያቺኑ "በዚህ ዕድሜ?" ያለችውን ልጅዎን ያስቀቧት፣ እግርዎ ላይ የቲማቲም ቀይ ስታደርግልዎ ሐሳቧ እንደሚቀየር እርግጠኛ ነኝ። ሁለቱን ቀይ አንድ ላይ መያዝ ከበዛብዎት ደሞ የእግሩን ቀይ ያድርጉና እጅዎን በስስ ሮዝ ይጀምሩ፣ ሲለምዱት እጁ ራሱ ቀይ ይጠይቅዎታል።

ጥያቄ፦ ነርስ ነኝ፣ ሥራ ቦታዬ እጅ ላይ ምንም ቀለም አይፈቀድም፣ የእረፍት ቀኔ ደሞ አንድ ቀን ነው ቀብቼ ማጥፋት ይሰለቸኛል። በዛ ላይ ሴትነቴን የረሳሁ እየመሰለኝ ነው። (ከዋርድ)

መልስ፦ እህቴ፣ እግርሽ ሙሉ በሙሉ ያንቺ ነው! መጀመሪያ የእግርሽን ምረጪ ስል ካንቺ በላይ የሚመለከተው ሰው የለም። የተሸፈነ ጫማ ውስጥ ማንም ሳያይሽ ማታ ቤትሽ ስትገቢና ጫማሽን ስታወልቂ የሚቀበልሽ ቀለም ይኑርሽ፣ ለዛ ደሞ ደፋሩን ምረጪ፣ ደማቅ ፉሺያ፣ ቱርኩዋዝ፣ ወርቃማ ግሊተር፣ የእጅ ጥፍርሽ ባዶ ስለሆነ ከምን ጋር ይስማማል የሚለው ሐሳብ ራሱ የለብሽም። ግሊተር ለማስለቀቅ ያስቸግራል እንጂ ሲቀቡት በጣም ነው የሚቆየው፣ ለእግር የተፈጠረ ነው።

የእጁ ክልከላ ግን ምክንያት አለው፣ የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2009 ባወጣው የእጅ ንጽህና መመሪያ ላይ በሽተኛ የሚነኩ ሠራተኞች አርቴፊሻል ጥፍር እንዳያደርጉ፣ የራሳቸው ጥፍርም ከ0.5 ሴንቲ ሜትር እንዳይረዝም ይላል፣ የተሸራረፈ ቀለም ደሞ ጀርም ሊይዝ ይችላል። ስለዚህ እጅሽን በቀለም ሳይሆን በአያያዝ አሳምሪው፣ አጭርና እኩል የሆነ በቅባት ያበራ ባዶ ጥፍር እኮ የራሱ ውበት አለው፣ ቀኑን ሙሉ እጅሽን ስለምትታጠቢ ድርቀቱን መከላከል ካንቺ ይጠበቃል።

እዚህ ላይ ለሌሎቻችሁም አንድ ነገር ልጨምር፣ ቀዶ ሕክምና ወይም ሐኪም ቤት መተኛት ካለባችሁ የእጃችሁን ቀለም አጥፍታችሁ ሂዱ። ጣት ላይ የሚሰካው የኦክስጅን መለኪያ ብርሃን በጣት ውስጥ አሳልፎ ነው የሚያነበው፣ ጠቆር ያለ ቀለም በተለይ ጥቁር፣ ሰማያዊና አረንጓዴ ንባቡን ሊያዛባው ይችላል፣ ሐኪሞቹም የጥፍሩን የራሱን መልክ ማየት ይፈልጋሉ።

ጥያቄ፦ ባለቤቴ "ቀይ ኩቴክስ ግዛልኝ" አለችኝ፣ ሱቅ ስገባ ቀዩ መዓት ነው፣ አንዱን አንስቼ ሄድኩ፣ አይታ ዝም አለች፣ ዝምታዋ ገብቶኛል። በሚቀጥለው እንዳልሳሳት እርጂኝ። (ባል)

መልስ፦ ወንድሜ ይሄን መጠየቅህ ራሱ ትልቅ ነገር ነው። ኩቴክስ የምንለው እኮ የአንድ ድርጅት ስም ነው፣ እ.ኤ.አ. በ1917 ፈሳሽ የጥፍር ቀለም ካወጡት የመጀመሪያዎቹ አንዱ ነውና ስሙ የዕቃው ስም ሆኖ ቀረ። ቀይ ስትልህ ሁለት ቤተሰብ አለ፣ ብርቱካን ያለበት ቀይና ሰማያዊ ያለበት ቀይ። የቷ እንደሆነች ለማወቅ ሊፕስቲኳን እይ፣ በብዛት ያለቀውን፣ እሱ ወደ የትኛው እንደሚያደላ ካወቅህ ጨረስክ። ካልገባህ ያለቀውን ብልቃጧን ይዘህ ሂድ፣ ብልቃጡ ሥር ላይ የቀለሙ ስም ወይም ቁጥር አለ። ሱቅ ውስጥ ሁለት ቀይ አጠገብ ለአጠገብ አድርገህ ነጭ ወረቀት ላይ ያዛቸው፣ አንድ ብቻውን ሲሆን ቀይ ነው የሚመስልህ፣ ጎን ለጎን ሲሆኑ ግን አንዱ ብርቱካን አንዱ ወይን ጠጅ ሆኖ ይለይልሃል። መሞከሪያ ብልቃጥ ካለ ደሞ ቀብተህ እይ፣ ብልቃጥ ውስጥ ያለ ቀለም ወፍራም ስለሆነ ሁሌ ጠቆር ብሎ ነው የሚታየው። ቤዝ ኮትና ከቀለሙ በላይ የሚቀባውን ቶፕ ኮት ጨምረህ ብትገዛላት ደሞ ዝምታዋ ሌላ ዓይነት ይሆናል።

ጥያቄ፦ ዓመት ሙሉ እግሬን ጥቁር ቀይ ነበር የምቀባው፣ አሁን ሳጠፋው ጥፍሬ ቢጫ ሆኗል፣ የአውራ ጣቴ ደሞ ወፍሯል። እስኪለቅ ድረስ ምን ዓይነት ቀለም ይሸፍንልኛል? (ያፈረች)

መልስ፦ አትፈሪ የኔ እህት፣ ግን ቀለም ከመምረጣችን በፊት ሁለቱን ነገር እንለያየው። ቢጫው ብቻ ከሆነና ጥፍሩ ለስላሳና እንደ ወትሮው ስስ ከሆነ፣ ያለ ቤዝ ኮት የተቀባ ጠቆር ያለ ቀለም ጥፍሩ ውስጥ ገብቶ ነው የሚያቀልመው፣ ጉዳት የለውም ግን አይታጠብም፣ ከጥፍሩ ጋር አድጎ ነው የሚወጣው። የእግር አውራ ጣት ጥፍር ሙሉ ለሙሉ ለመተካት ከ12 እስከ 18 ወር ይፈጃል፣ ስለዚህ ታጋሽ ሁኚ። ሎሚና ቤኪንግ ፓውደር ምናምን እያልሽ አትሹው፣ ያደርቀዋል።

አውራ ጣቴ ወፍሯል ያልሽው ግን አሳስቦኛል። የሚወፍር፣ ጠርዙ የሚፈረፈር፣ ከሥጋው የሚላቀቅ ጥፍር ፈንገስ ሊሆን ይችላል፣ ፈንገስ ደሞ ላዩ ላይ ቀለም ስትደርቢበት አይጠፋም፣ እየባሰ መሄዱን እንዳታዪ ብቻ ነው የሚያደርግሽ። ሐኪም ጋ ሂጂ፣ ከጥፍሩ ትንሽ ቆርጠው ይመረምሩታል፣ ሕክምና አለው፣ ወራት ይፈጃል እንጂ ይድናል። ስትሄጂም ጥፍርሽ ባዶ ይሁን። እስከዛ የምትጠቀሚበትን መቁረጫና ሞረድ ለማንም አታጋሪ፣ የሌላ ሰውም አትጠቀሚ።

እዚሁ ላይ ለጠይምና ለጥቁር እህቶቼ ሁሉ፣ ጥፍር ላይ ቁመቱን የሚወርድ ቡኒ መስመር በኛ ቆዳ ላይ የተለመደ ነው፣ ብዙ ጊዜም ከአንድ በላይ ጥፍር ላይ ይወጣል፣ ምንም አይደለም። ነገር ግን አንድ ጥፍር ላይ ብቻ አዲስ የወጣ፣ እየሰፋ የሚሄድ ወይም ቀለሙ ወደ ቆዳው የሚፈስ መስመር ካያችሁ በቀለም አትሸፍኑት፣ ሳትውሉ ሳታድሩ ለቆዳ ሐኪም አሳዩት። ቦብ ማርሊን የገደለው ካንሰር እ.ኤ.አ. በ1977 እግሩ አውራ ጣት ጥፍር ሥር የተገኘው ነው፣ መጀመሪያ የኳስ ጨዋታ ጉዳት ነበር የመሰለው። ለዛ ነው ቀለም ስታነሱና ሌላ ስትቀቡ በመሃል አንድ ሁለት ቀን ጥፍራችሁን ባዶውን እዩት የምለው፣ በተለይ የእግርን ወራት ሙሉ ሳናየው የምንከርምበት ጊዜ አለና።

ሁሉም ደህና ነው ተብለሽ ስትመለሺ ወይም ቢጫው የቀለም ብቻ ከሆነ፣ የሚሸፍንልሽ ሙሉ ክሬም የሆነ ኮራል ወይም ጠገብ ያለ ሮዝ ነው፣ ስስ ሮዝና ነጭ ቢጫውን ያሳልፉታል። ቤዝ ኮት ሳትቀቢ ግን እንዳትጀምሪ፣ ጠቆር ላሉት ቀለሞች ሁለት ጊዜ ቀቢው።

ጥያቄ፦ በቅርቡ ሙሽራ ነኝ፣ ነጭ ቀሚስ፣ ክፍት ጫማ። እጅና እግር ምን ይሁን? (የቸኮለች)

መልስ፦ እንኳን ደስ አለሽ! እዚህ ጋም መጀመሪያ የእግርሽን፣ ክፍት ጫማ ነውና። ጫማው ነጭ ከሆነ እግርሽ ላይ ነጭ አትቀቢ ይደራረባል፣ ቀይ ወይም ጠገብ ያለ ሮዝ አድርጊው፣ ቀሚሱ ብድግ ሲል ብልጭ ይላል። እጅሽ ላይ ቀለበት ስለሚደረግ፣ ፎቶም ስለሚበዛ፣ ስስ ሮዝ ወይም ጫፉ ነጭ የሆነው ፍሬንች ይሁን። ፍሬንች ራሱ እ.ኤ.አ. በ1975 ጄፍ ፒንክ የሚባል ሰው ለፊልም ተዋናዮች ያወጣው ነው ይባላል፣ ልብስ በቀያየሩ ቁጥር ቀለም መቀየር እንዳይኖርባቸው፣ አንቺም በዛ ቀን ከአንድ በላይ ልብስ ከቀየርሽ በጣም ያግዝሻል። ነጩ ጫፍ ስስ ይሁን፣ ንጹህ ነጭ ከቀሚሱ ጋር ካልገጠመ ክሬም ያለውን ጠይቂ።

የእግሩን ከሦስት ቀን በፊት የእጁን ከአንድ ቀን በፊት ተቀቢ፣ በዕለቱ ጠዋት አይደለም፣ የተለመደው ቀለም ሲነኩት የደረቀ ቢመስልም ውስጡ እስኪጠና ሰዓታት ይፈልጋል፣ አንሶላ ወይም የጫማ ማሰሪያ ይታተምበታል። ወፍራም አንድ ዙር ሳይሆን ስስ ሁለት ዙር፣ በመሃል ትንሽ ይጠብቁ፣ የመጨረሻዋን የብሩሽ ጫፍ የጥፍሩ አፍ ላይም ያሳልፉልሽ፣ እዛ ጋ ነው መሸራረፍ የሚጀምረው። የተቀባሽባቸውን ሁለቱንም ብልቃጦች ደሞ ለሚዜሽ ስጫት ቦርሳዋ ውስጥ ትያዝልሽ።